ፕሮጄስትሮን የሚሰጥበት መንገድና ማህፀን የሚደርሰው መጠን

ፕሮጄስትሮን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ፅንስ እንዲቀበል የሚያዘጋጅ ሆርሞን ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያው አካል) ላይ የሚቀረው ኮርፐስ ሉቲየም ያመነጨዋል፤ ከእርግዝናው 7ኛ እስከ 9ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ሥራውን ይረከባል። በመድኃኒትነት ሲሰጥ በአፍ፣ በብልት፣ በፊንጢጣ፣ በጡንቻ ወይም ከቆዳ ሥር ይገባል። በየት በኩል እንደገባ ካልታወቀ «200 ሚሊግራም» የሚለው ትእዛዝ ማህፀኑ ምን ያህል እንዳገኘ አይናገርም።

የሚዋጠው ሆርሞን ደቅቆ በዘይት የተዘጋጀ እንክብል ነው። ከአንጀት ተመጥጦ በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ አብዛኛው እዚያ ይሰባበራል፤ ሳይለወጥ ወደ ደም የሚዘልቀው ከ10 በመቶ በታች ነው። ከተሰባበረው የሚገኘው አሎፕሬግናኖሎን አንጎልን ስለሚያረጋጋ እንቅልፍና ማዞር ያመጣል፤ ማታ ሊተኙ ሲሉ እንዲወሰድ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ እንክብል የለውዝ ዘይት አለበት፤ ለውዝ የማይስማማት ሴት አስቀድማ መናገር አለባት። ያረጠች ሴት ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ስትወስድ የማህፀኗ ሽፋን ያለ ልክ እንዳይወፍር በየወሩ ለ12 እስከ 14 ቀን ማታ ማታ 200 ሚሊግራም ትውጣለች። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ ፅንስ ለማስገባት ማህፀን ሲዘጋጅ ግን የሚዋጠው ፕሮጄስትሮን ብቻውን አይታመንም። ዳይድሮጄስትሮን የሚባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ግን ተውጦም በደንብ ይሠራል። እሱን የፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ አያሳየውም፤ ስለዚህ ውጤቱ ዝቅ ቢል «መድኃኒቱን አልወሰደችም» ማለት ስህተት ነው።

በብልት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ሆርሞኑ ጉበትን ሳያልፍ በአቅራቢያው ባሉት የደም ሥሮችና በሊምፍ፣ እንዲሁም በቀጥታ በሥጋው ውስጥ እየሰረገ ማህፀን ይደርሳል። በ1994 በታተመ ጥናት ለአንዳንድ ሴቶች በየ6 ሰዓቱ 200 ሚሊግራም በብልት፣ ለሌሎቹ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ በጡንቻ ተሰጠ። በደም ውስጥ መርፌው 6 እጥፍ ገደማ በለጠ፤ በማህፀኑ ሽፋን ውስጥ ግን በብልት የገባው 8 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። የደም ምርመራ ብቻውን የማያሳየው ይህንን ነው።

የተለመደው መጠን በዝግጅቱ ይለያያል፦ እንክብል 200 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰፖዚተሪ (በሰውነት ሙቀት የሚቀልጥ ጠጣር ዝግጅት) 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ባለ 8 በመቶ ጄል ደግሞ 90 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ። እጅ ታጥቦ፣ ጠለቅ ተደርጎ ይገባና ለግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም ማለት ይረዳል። ከጄሉ በኋላ ነጭ ፍርፋሪ የሚመስል ነገር ቢወጣ የጄሉ መያዣ ቅሪት እንጂ ያልተመጠጠ መድኃኒት አይደለም። በሌላ ጉዳይ የታዘዘ የብልት ክሬም በዚያው ሰዓት መጨመር አይገባም። አንዱ እንክብል ለመዋጥም በብልት ለማስገባትም ስለሚታዘዝ፣ ትእዛዙ ላይ መንገዱ ካልተጻፈ ሴቲቱ በብልት የታዘዘላትን ልትውጠው ትችላለች፤ ይህ ቀላል የሚመስል ስህተት ሕክምናውን ያበላሻል።

በጡንቻ የሚሰጠው በዘይት የተበጠበጠ 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ በየቀኑ በመቀመጫው የላይኛ ውጫዊ ሩብ በጥልቀት ይወጋል። ዘይቱ ከጡንቻው ቀስ እያለ ስለሚለቅቀው የደሙ መጠን ከፍ ይላል። ብልቃጡን በእጅ ሞቅ ማድረግ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሕመም፣ እብጠትና ጀርም የሌለበት መግል የመርፌው ችግሮች ናቸው። በውሃ የሚሟሟና ከቆዳ ሥር የሚወጋ 25 ሚሊግራም ዝግጅትም አለ፤ ሕመሙ ቀለል ይላል።

ከዚህ ተነስቶ በብልት የገባው ሁልጊዜ ይበቃል ማለት ግን አይቻልም። የቀዘቀዘ ፅንስ በመድኃኒት ብቻ በተዘጋጀ ማህፀን ሲገባ ኮርፐስ ሉቲየም የለም፤ ሆርሞኑ ሁሉ ከውጭ ነው። በ2021 በወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በብልት ብቻ 200 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከወሰዱት 27 በመቶ ሲወልዱ፣ በየቀኑ መርፌ ከወሰዱት 44 በመቶ፣ የብልቱን ይዘው በየሦስተኛው ቀን መርፌ ከጨመሩት 46 በመቶ ወልደዋል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ዑደት የደሙ መጠን ከ10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ብዙ ሐኪሞች መርፌ ይጨምራሉ።

ሰውነቷ ራሱ ሆርሞኑን በሚያመነጭበት እርግዝና ጉዳዩ ሌላ ነው። በ20ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ የማህፀን በሯ ርዝመት 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ሴት ማታ ማታ በብልት 200 ሚሊግራም ይታዘዛል፤ ያለ ጊዜው የመውለድን ስጋት ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም የፈሰሳትና ቀድሞ ያስወረዳት ሴት ደግሞ በእንግሊዝ መመሪያ በብልት 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ እስከ 16ኛው ሳምንት ትወስዳለች።