ንቁ ህልም ምንድን ነው? ለሚደጋገም ቅዠትስ ምን ይረዳል?

«ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። እኔ ግን ፈርቼ ሳልተኛ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰድኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በህልሜ ግን ገና አልተፈተንኩም። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ታክሲ አጣለሁ፤ ልሩጥ ስል እግሬ እምቢ ይላል፤ ስደርስ ፈተናው ተጀምሯል፤ የመፈተኛ ካርዴም የለም። በላብ ተጠምቄ ስባንን እናቴ «ህልም እልም! አማትቢና ተኚ» ትለኛለች። አማትቤ እተኛለሁ። በሳምንቱ ያው ህልም ይመለሳል።

ንቁ ህልም ማለት እንቅልፉም ህልሙም ሳይቋረጥ፣ ህልም እያዩ መሆንን ማወቅ ነው። በውጭ ሉሲድ ድሪም ይባላል፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1913 ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ፍሬደሪክ ቫን ኤደን ነው። ሰው ተኝቶ እንዴት እንዲህ ያውቃል? ህልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነታችን አይታዘዝም፤ ዓይናችን ግን ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ፣ አንድ ተኝቶ የሚያልም ሰው አስቀድመው በተስማሙበት ምልክት ዓይኑን ግራና ቀኝ ሲያንቀሳቅስ በመሣሪያ መዘገበ። ዱካክ ሌላ ነው፤ እዚያ ሰውየው ነቅቷል፣ አካሉ ግን ገና አልተፈታም።

እንዴት ይመጣል? ረጅሙ ህልም የሚታየው ወደ ንጋት ነው። ጎንደር ላይ ይህ ለእኛ ይመቻል፤ ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ግድም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ወይም አዛኑ ያነቃናል። ያኔ የነበረውን ህልም አስታውሶ፣ «ቀጥሎ ሳልም ህልም መሆኑን አውቃለሁ» እያሉ መልሶ መተኛት ነው። ቀን ቀን ደግሞ አንድ ጽሑፍ አንብቦ፣ ዞር ብሎ፣ እንደገና ማንበብ ይለመዳል። በህልም ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይረጋም፤ ሁለተኛ ሲያዩት ይቀያየራል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነበር፣ ምክንያቱም ቅዠቴ ውስጥ ሁልጊዜ የፈተና ወረቀት አለ። ከወራት ልምምድ በኋላ አንድ ሌሊት ጥያቄውን ሁለቴ አነበብኩት፤ ፊደሎቹ ተለዋወጡ። «ህልም ነው» አልኩ። ልቤ መምታቱን አላቆመም፣ መሮጤ ግን ቆመ።

ሰዎች ንቁ ህልምን እንደ መብረር፣ እንደ ማዘዝ ያዩታል። ቅዠት ለሚያሠቃየው ሰው ግን ዋናው ማዘዙ አይመስለኝም፤ ቆሞ ወደ አሳዳጁ ዞር ማለት መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆላንድ ውስጥ ቅዠት ባለባቸው 23 ሰዎች ላይ የተደረገ አነስተኛ ሙከራ ይህን ያጠናክርልኛል፦ የንቁ ህልምን ዘዴ የተማሩት ሰዎች ቅዠት ቀነሰ፤ ለመቀነሱም ንቁ ህልም ማየት ግድ አልነበረም። የእንቅልፋቸው ጥራት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ስለዚህ መጀመር ያለበት በቀን ነው። ቅዠቱን ጽፎ፣ መጨረሻውን እንደ ፈለጉ ቀይሮ፣ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በምናብ ማየት። ሐኪሞችም ለሚደጋገም ቅዠት ይህን ልምምድ ያዛሉ። «ህልም እንደ ፈቺው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሠራል፤ ፈቺው ባለ ህልሙ ራሱ ይሆናል። ጸሎቱን ወይም ጸበሉን መተውም አያስፈልግም።

ነገር ግን የሌለ ድምፅ የሚሰማው፣ እውኑና ህልሙ የሚምታታበት ሰው ንቁ ህልምን ባይሞክር ይሻላል። እንቅልፍ ለሚያጥረውም ሌሊት መንቃቱ ጉዳት ነው። ጦርነት ወይም ጥቃት ያየ፣ ያንኑ በየሌሊቱ የሚያይ ሰው ደግሞ ብቻውን አይታገል፤ ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያናግር።

የኔ ፈተና አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ወረቀቱን ሁለቴ አነባለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ።