የፊት ብጉርንና ሮዛሺያን በጄል ማከም፤ በድሬዳዋና በሐረር

ከከዚራ እስከ መጋላ ባሉ የድሬዳዋ መድኃኒት ቤቶች ፊቱ ያስቸገረው ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «የብጉር ቅባት አላችሁ?» ከዚህ አንድ ጥያቄ ጀርባ ግን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች አሉ። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ብጉር ነው። ሌላው ሮዛሺያ ይባላል፤ በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው ሰው «አለርጂ»፣ «ፀሐይ መታኝ» ወይም «ሙቀት ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፍበታል። ሁለቱም በጄል ይታከማሉ። ጄሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለብጉር የሚበጀው ሮዛሺያ ያለበትን ፊት እሳት እንደነካው ሊያደርገው ይችላል።

ብጉር ከፀጉር ቀዳዳ ይጀምራል። ከቀዳዳው ሥር ያለችው እጢ ወዝ ታመነጫለች፤ የሞተ የቆዳ ሕዋስ ከወዙ ጋር ተጣብቆ አፉን ሲደፍነው ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ባክቴሪያ ውስጡ ይራባል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይመግላል። መለያው ጥቁር ነጥብና ከቆዳ ሥር የምትዳሰስ ትንሽ ነጭ እብጠት ነው። የነጥቡ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ወዙና የቆዳው ቀለም አየር ነክቷቸው የጠቆሩ ናቸው። ስለዚህ በሳሙና ቢፈተግ አይለቅም፤ የሚለቀው የቆዳው መከላከያ ነው።

ሮዛሺያ ጥቁር ነጥብ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት በኋላ ይመጣል፤ ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ አገጭንና የግንባርን መሐል ይይዛል። ፊት በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፤ ቆይቶ ቅላቱ አልሄድ ይላል፤ ከዚያ ብጉር የሚመስሉ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። የሕክምና መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ነጭ ፊት ላይ የወጣውን ደማቅ ቀይ ነው። በጠይም ፊት ላይ ግን ቅላቱ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ከማየት ይልቅ መጠየቅ ያዋጣል፦ ፊትዎ ይግላል? ሳሙና ይለበልብዎታል? ዓይንዎ አሸዋ የገባበት ይመስላል? የሦስቱም መልስ አዎ ከሆነና ጥቁር ነጥብ ከሌለ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሮዛሺያ ነው።

ጄል ለምን?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ይሻገራል። በእንዲህ ያለ ሙቀት ወፍራም ቅባት ከላብና ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቧራ ጋር ተደባልቆ ፊት ላይ ይቦካል። ጄል በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ካርቦመር በመሰለ ነገር ይረጋል፣ ሲቀባ ውሃው ተንኖ መድኃኒቱን ይተዋል። በደንገጎ ዳገት ወጥተው ሐረር ሲደርሱ ግን ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይደርቃል። ድሬ ላይ የተስማማው ጄል ሐረር ላይ ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ ያው መድኃኒት በክሬም መልክ ከተገኘ ለጁገል ነዋሪ ክሬሙ ይሻላል። አልኮል ያለበት ጄል ሮዛሺያ ላለበት ፊት በየትኛውም ከተማ አይሆንም።

የብጉር ጄሎች

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አዳፓሊን 0.1 በመቶ ቀዳዳው እንዳይደፈን ያደርጋል፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል። የኋለኛው በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ይሸጣል። ገዢው ብዙ ጊዜ 10ሩን ይመርጣል፤ «ጠንከር ያለው ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መድኃኒት ላይ ስህተት ነው። ለፊት 2.5ቱ ከ10ሩ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል፤ የ10ሩ ትርፍ መላጥና መለብለብ ነው።

ሦስተኛው ክሊንዳማይሲን 1 በመቶ አንቲባዮቲክ ነው። ብቻውን መቀባት የለበትም፤ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተጣምሮ፣ ከ12 ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ይሠራበታል። የክሊንዳማይሲን እንክብል ፈትቶ በአልኮል መበጥበጥ ወይም ክኒን ፈጭቶ በቫዝሊን መለወስ መጠኑ የማይታወቅ፣ ቆዳ ውስጥ መግባቱም የማያስተማምን ድብልቅ ነው።

አዳፓሊን ማታ ይቀባል። ፊት ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና አንዴ ይታጠባል፤ በፎጣ ሳይታሽ ተጠብጥቦ ይደርቃል። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና በደንብ አይለቅም፣ ቆዳውንም ያደርቃል፤ ስለዚህ ጥቂት ሳሙና፣ ብዙ ማጠቢያ ውሃ። ከታጠቡ በኋላ 20 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ቆዳ መድኃኒቱን ከሚፈለገው በላይ ይመጥና ይቃጠላል። የዓይን ጠርዝ፣ የአፍንጫ ክንፍና የከንፈር ጥግ ላይ ስስ ቫዝሊን ይደረጋል፤ ጄሉ መጀመሪያ የሚልጠው እነዚህን ቦታዎች ነው። ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል ጄል በአምስት ነጥብ ትከፈላለች፦ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫ፣ አገጭ። ከነጥቦቹ ወደ ውጭ መላው ፊት ይዳረሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወጣው ብጉር ላይ ብቻ ጠብ ያደርጋል። አዳፓሊን የሚሠራው ገና ያልወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን ድፍን ቀዳዳ ላይ ነው፤ ዛሬ የሚታየው ብጉር የተጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ቱቦው ራሱ አጠቃቀሙን ይናገራል። በቀን ግማሽ ግራም ቢወጣለት የ30 ግራም ቱቦ 60 ቀን ይቆያል። በሦስት ሳምንት ካለቀ በላይ በላይ እየተቀባ ነው፤ በአራተኛው ወር ግማሹ ካለ ፊቱን አላዳረሰም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ሌሊት እየዘለሉ መቀባት ይበጃል። ቆዳው ከተለማመደ በየማታው ይሆናል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ብጉሩ ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው ቱቦውን የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው፣ ያለ ጊዜው። ውጤት የሚመዘነው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሲሞላ ነው። ቆዳው ከላጠ ጄሉን ሁለት ሦስት ቀን ማቆም፣ ከዚያ በቀነሰ ድግግሞሽ መመለስ። ንጹሕ ግሊሰሪን ፊት ላይ ስለሚያጣብቅ ለድሬ ሙቀት አይመችም፤ ቀለል ያለ፣ ቀዳዳ የማይደፍን ማለስለሻ ከጄሉ በኋላ ቢቀባ የተሻለ ነው።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠዋት ይቀባል፣ ወይም ለ5 ደቂቃ ተቀብቶ ይታጠባል። ጨርቅ ያነጣል፦ ሻሽ፣ ሒጃብ፣ ባለቀለም ትራስ ልብስ፣ የሸሚዝ አንገትጌ። ያነጣው ቀለም አይመለስም፤ ነጭ ፎጣና ነጭ ትራስ ልብስ መያዝ ነው መፍትሔው።

አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው ጄሉ እንዳይታጠብበት ይሠጋል። የማታው ከኢሻ በኋላ፣ የጠዋቱ ከሱብሒ በኋላ ከተቀባ እስከሚቀጥለው ውዱእ ሰዓታት ይገኛሉ፤ ያ ይበቃል። በውሃ ብቻ መታጠቡ ለብጉር ጉዳት የለውም፣ ጉዳቱ ማሸቱ ነው።

የአካባቢው ልማዶችም ከጄሉ ጋር ይጋጫሉ። በሶማሌ ሴቶች ዘንድ የተለመደው ቃሲል፣ ፊት የሚታጠቡበት የቅጠል ዱቄት፣ በራሱ ነቀፌታ የለበትም፤ ግን ያደርቃል፣ ዱቄቱም ሻካራ ነው፤ አዳፓሊን በተቀባበት ማታ ወይም በማግስቱ ጠዋት መደረግ የለበትም። ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ በድሬ ሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል፤ በግንባርና በጆሮ ግንድ ላይ ብቻ የተደረደረ ብጉር ካለ ጄል ከመጨመር በፊት ቅቤውን ወይም የፀጉር ቅባቱን መመርመር ይቀድማል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላሉ፤ በጠይም ቆዳ ላይ ቃጠሎው ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል፣ ያ ምልክት ከብጉሩ ይልቅ ለወራት ይቆያል። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥም እንዲሁ።

የሮዛሺያ ጄሎች

ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 1 በመቶ ከሆነ አንድ ጊዜ ይቀባል። ስሙን የሚሰማ ሰው «የአሜባ ክኒን አይደለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ነው፤ መድኃኒቱ ያው ነው። ፊት ላይ የሚሠራው ግን እብጠትን በማብረድ ነው፣ ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። አዜላይክ አሲድ 15 በመቶ ጄል ሌላው አማራጭ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይነዘንዛል። ጥቅሙ ድርብ ነው፦ ለብጉርም ይሠራል፣ የሚቀረውንም ጥቁረት ያደበዝዛል፤ በሁለቱ ሕመሞች መሐል ለሚወላውል ፊትና ለነፍሰ ጡር ሴት ጥሩ ምርጫ ነው። ቆዳ ላይ የምትኖረው ዴሞዴክስ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት ስትበዛ አይቨርመክቲን 1 በመቶ ይታዘዛል፤ እሱ ግን ክሬም እንጂ ጄል አይደለም።

ብሪሞኒዲን 0.33 በመቶ ጄል የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ጠዋት ከተቀባ እስከ ማታ ቅላቱን ይሸፍናል፣ እብጠቱን ግን አያድንም። ሲለቅ ቅላቱ ብሶ የሚመለስባቸው ሰዎች ስላሉ ለሠርግ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር አይገባም።

ጄሉ ሥራውን እየሠራ ፊቱ የማይበርድ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። የእንጀራ ምጣድ ወላፈን፣ የቀትር ፀሐይ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ፣ አልኮል ፊትን ያግላሉ። ቡናን በተመለከተ ጥፋተኛው ከካፌኑ ይልቅ ትኩሳቱ ነው፤ በሐረር የሚጠጣው የቡና ቅጠል ኩቲም ሆነ የበርጫው ሻይ በረድ ብሎ ሲጠጣ ጉዳቱ ይቀንሳል። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጦ ትኩስ ሻይ እየደጋገሙ ጄሉን «አልሠራም» ማለት ጄሉን መበደል ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ፀሐይ ጥላና ባርኔጣ፣ ፊት ላይም መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ያስፈልጋል። አዳፓሊን ለሚቀባም እንዲሁ።

ሁለቱንም የሚያበላሸው

በዚህ አካባቢ ከሚታዩት የፊት ጉዳቶች ከባዱ ከስቴሮይድ (እብጠትን በኃይል ከሚያበርድ መድኃኒት) ክሬም የሚመጣው ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸው፣ አንዳንዶቹ ከፈንገስና ከአንቲባዮቲክ መድኃኒት ጋር የተቀላቀሉ ክሬሞች ያለ ማዘዣ ይገዛሉ፤ ፊት ያቀላሉ እየተባሉ በየገበያው ከሚሸጡት መካከልም እነዚህ ያሉባቸው አሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ብጉሩ ይሰወራል፣ ፊቱ ይጠራል። ሳምንታት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ሮዛሺያ የሚመስል ሽፍታ ይፈላል። ክሬሙ ሲቆም የባሰ ስለሚወጣ ሰው ተመልሶ ይቀባዋል፤ አዙሪቱ ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ፊት ላይ አዳፓሊንም ሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ መቀባት ስህተት ነው። መጀመሪያ ስቴሮይዱ ይቆማል፣ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ከሆነ በሐኪም ክትትል፤ ከዚያ ቆዳው ሲረጋጋ ወደ ሜትሮኒዳዞል ይኬዳል።

አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኞቹ ጄሎች ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ይላሉ፤ የድሬዳዋ ቆርቆሮ ቤት በግንቦት ያንን አያውቅም። ክሊንዳማይሲንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን ያጣመሩ አንዳንድ ምርቶች እስኪሸጡ ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ ገዢው ከየት እንደወጣ ቢያይ ይጠቅመዋል። ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ መተው አይቻልም፤ በረዶ በሚሠራው ክፍል (ፍሪዘር) ውስጥ መክተትም ጄሉን ይለያየዋል። ውሃው ተለይቶ የሚወጣ፣ ቀለሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ቱቦ ይጣላል።

ፊቱ ከጠራ በኋላ አዳፓሊን ወዲያው አይቆምም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ለወራት ይቀጥላል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን አዳፓሊንን ታቆማለች። በ12 ሳምንት ያልተሻለ፣ ጥልቅና የሚያም እብጠት ያለው፣ ጠባሳ የጀመረ ወይም ዓይኑን የሚያቃጥለው ሰው በጄል ብቻ መቆየት የለበትም፤ ከጤና ጣቢያ ድሬዳዋ ወዳለው ድል ጮራ ወይም ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሪፈር ጠይቆ፣ እስካሁን የተቀባቸውን ቱቦዎች ሁሉ፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ በፌስታል ይዞ ይሂድ።