«ሁለቱ ከተዋሃዱ ዋጋ ይቀንሳል» ለምትሉኝ ሁሉ

ሁለት ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች ሊዋሃዱ ነው በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል፦ «ወጪያቸው ስለሚቀንስ ለእኛም ይረክሳል።» በቴሌኮም ሙያ ለዓመታት ስለቆየሁ ይሄን አባባል መስማት ሰልችቶኛል።

ወጪያቸው መቀነሱ እውነት ነው። ሁለት ማማ በቆመበት ቦታ አንዱ ይበቃል። ግን ኩባንያ ዋጋ የሚቀንሰው ወጪው ስለቀለለ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ሲሰጋ ነው። መሄጃ ከጠፋ ምን ያሰጋዋል?

በፈረንጆቹ 2011 ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያ ተፎካካሪውን ቲ-ሞባይልን በ39 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሰሰ፤ ግዢውም ቀረ። ብቻውን የቀረው ቲ-ሞባይል በ2013 የሁለት ዓመት የግዴታ ኮንትራትን አስቀረ፤ ተፎካካሪዎቹም ተከተሉት። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ዊንድና ትሬ የተባሉት የሞባይል ኩባንያዎች በ2016 ሲዋሃዱ የአውሮፓ ኮሚሽን ለአዲስ ተፎካካሪ ቦታ እንዲለቁ አስገደዳቸው። ቦታውን የያዘው ኢሊያድ የተባለ ኩባንያ በ2018 ሥራ ሲጀምር ዋጋ ወረደ። ያወረደው ውህደቱ ሳይሆን አዲሱ ተፎካካሪ ነው።

«ታሪፉ እኮ አልተነካም» የሚለኝም አለ። የሒሳብ ክፍል ስሠራ ድርጅታችን ሌላ ኩባንያ ገዝቶ ነበር። የታሪፍ ዝርዝሩን አልነካንም። ርካሽ የነበሩትን አሮጌ ጥቅሎች ግን አንድ በአንድ ዘጋን። ሰዎቹ ሳያስቡት ወደ ውዱ ተሸጋገሩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

«ተቆጣጣሪው ከፈቀደ ችግር የለም?» ለፈቃዱ የሚቀመጥ ቅድመ ሁኔታ የሚያበቃበት ጊዜ አለው። ቲ-ሞባይል ሌላውን የአሜሪካ ተፎካካሪ ስፕሪንትን ሲጠቀልል ለሦስት ዓመት ዋጋ አልጨምርም ብሎ ቃል ገባ። ውህደቱ በሚያዝያ 2020 ተጠናቀቀ፤ በ2024 በነባር ጥቅሎች ላይ ጨመረ።

«ኔትወርኩ ወዲያው ይሻሻላል?» መሻሻሉ አይቀርም፤ የስፕሪንት የሬዲዮ ሞገድ የቲ-ሞባይልን 5ጂ በእጅጉ አጠናክሮታል። ግን ዓመታት ይፈጃል።

«ስልክ ቁጥሬ ይቀየራል?» አይቀየርም። ቀፎውን ግን አረጋግጡ። የስፕሪንት አሮጌ ኔትወርክ በ2022 ሲዘጋ በእሱ ብቻ የሚሠሩ ስልኮች ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል።

ስለዚህ የውህደት ዜና የሰማችሁ ቀን የጥቅላችሁን ዋጋና ዝርዝር ስክሪንሹት አንሱ። ውላችሁ የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። ኩባንያው ውሉን እናንተን በሚጎዳ መንገድ ከለወጠ ያለ ቅጣት መውጣት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። የለውጡ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር መልእክት ነው የሚመጣው። ሳታነቡ አታጥፉት።