ስሜት አረጋጊ መድኃኒት ምንድን ነው? ለሴትና ለወንድስ ለምን ይለያል?

ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ስሜት ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ማኒያ ነው፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ወሬ ይፈጥናል፣ ገንዘብ ይበተናል። ሌላው ድባቴ ነው፤ ከአልጋ መነሳት እንኳ ይከብዳል። ስሜት አረጋጊዎች ሰውየው ወደነዚህ ጫፎች ደጋግሞ እንዳይሄድ የሚይዙ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ "ተሽሎኛል" ተብሎ የሚተዉ አይደሉም።

የታወቁት ሊቲየም፣ ቫልፕሮኤት፣ ላሞትሪጂንና ካርባማዜፒን ናቸው። ከሊቲየም በቀር ሦስቱ ለሚጥል በሽታም ይታዘዛሉ።

በሽታው ሴት ወንድ ሳይል በተቀራራቢ መጠን ይይዛል። መድኃኒቱ ላይ ግን ልዩነት አለ።

ትልቁ ጣጣ ያለው ቫልፕሮኤት ላይ ነው። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ በንግግር፣ በማስታወስ ወይም በትምህርት ሊቸገሩ ይችላሉ። ጉዳቱ እናትየው ማርገዟን ሳታውቅ ሊጀምር ይችላል። በእኔ እይታ፣ ሌላ አማራጭ እያለ መውለድ ለምትችል ሴት ይህን ማዘዝ አይገባም። ወንዶችም ነፃ አይደሉም። ከፅንሱ በፊት ባሉት 3 ወራት አባትየው ቫልፕሮኤት ከወሰደ ልጁ ላይ የአእምሮ እድገት ችግር ሊያስከትል ይችላል በሚል ስጋት፣ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2024 እ.ኤ.አ. ለወንዶችም የጥንቃቄ ምክር አውጥቷል።

ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው የወሊድ መከላከያ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል በደም ውስጥ ያለውን ላሞትሪጂን በግማሽ ያህል ሊያወርደው ይችላል። ያኔ ደህና የነበረች ሴት ሕመሙ ሲመለስባት "መድኃኒቴን አላቋረጥኩ፣ ምን ነካኝ?" ትላለች። ካርባማዜፒን ደግሞ በተቃራኒው እንክብሉን ያዳክመዋል፤ ያልታሰበ እርግዝና ይመጣል።

ሊቲየም የቆየና እስካሁንም ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ለማኒያ እንደሚሠራ የጻፈው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ስስ ሚዛን ይፈልጋል። በደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር መሆን አለበት፤ ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ሊመጣ ይችላል። ተቅማጥ፣ ብዙ ላብ፣ አይቡፕሮፌንን የመሰለ ማስታገሻ፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢም ሊያዳክም ይችላል፤ ይህ በሴቶች ላይ ይበዛል። ድካምና ክብደት መጨመር ስለሚያመጣ ድባቴው የተመለሰ ይመስላል። በደም ምርመራ ይለያል።

እርግዝና ሲታወቅ ደንግጦ መድኃኒቱን በአንዴ ማቆምም አደጋ አለው፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ምክክሩ ከእርግዝና በፊት ቢሆን ይመረጣል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ደግሞ ሕመሙ በብዛት የሚያገረሽባቸው ናቸው፤ የመድኃኒቱ ዕቅድ እነሱንም ማካተት አለበት።