ጅቡ ቁርበት ሲጠይቅ

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይዤ ወረፋ እጠብቃለሁ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ወንበሯ ተሰብሮ ሌላ እንዲሰጣት ጠየቀች። በትሕትና ነው የጠየቀችው። ከኋላዋ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» አለና ሁለቱም ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ተረቱን የማያውቅ የለም፤ ፍቺውን አላንዛዛም። እየተረሳ ያለው የቁርበቱ ኑሮ ነው።

አያቴ ቤት በሬ ሲታረድ ቆዳው መሬት ላይ በችካል ይወጠርና ሞራው ተፍቆ ፀሐይ ይመታዋል። አዲስ ቁርበት እንደ ሳንቃ ደረቅ ነው። የተኛበት ሰው በተገላበጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ልጅ ሆኜ ሌሊት ያን ድምፅ ከሰማሁ እንግዳ እንዳደረ አውቃለሁ። ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ጠጉሩ ያልረገፈው ደህናው ደግሞ ተጠቅልሎ ለእንግዳ ይቀመጣል።

አመሻሽ ላይ ከደጅ «ቤቶች! የመሸበት መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አያቴ «ከወዴት ነህ?» ትላለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ግን የእግር ውሃ ታስጥዳለች። የእግዜር እንግዳ አይመለስማ። እግሩን ይታጠባል፣ ያለውን ይቀምሳል፣ ይነጠፍለታል። እሱ ግን አይጠይቅም። «አንጥፉልኝ» ብሎ ማዘዝ የጌታ ወግ ነው። የመሸበት መንገደኛ ዝም ብሎ ነው የሚጠብቀው።

ጅብ ደግሞ ቁርበት ይበላል። የቆዳ ማሰሪያውን፣ ጠፍሩንም ምራኑንም፣ አይምርም። ሲመሽ አያቴ «ውጭ የቀረ ምራን አለ?» ብላ ሳትጠይቅ በር አትዘጋም ነበር። እንግዲህ ጅቡ መኝታ ሲጠይቅ ራቱን ነው የጠየቀው።

አሁን የራሴን መላ ምት ልናገር። የተረቱ ጅብ ባለ አራት እግሩ አይመስለኝም። ቡዳ ነው። በአገራችን እምነት ቡዳ ቀን ሰው ሆኖ ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። በሰፈሩ ይታወቃል፤ ሕፃናት ከዓይኑ ይሸሸጋሉ። ሁለት ተራራ ከተሻገረ ግን እሱም የእግዜር እንግዳ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስም፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው፣ ጉትቻ ስላደረጉ ጅቦች ጽፏል። ጉትቻው የማን ነው? ባገሬው ወሬ የቡዳው ነዋ! (የዚህ እምነት ዱላ ያረፈው ግን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ቤተ እስራኤል ላይ ነው። ቀን ማረሻ ያሠሩትና ሲመሽ ጅብ ይሉታል። እሱ ሌላ ዕዳ ነው።)

ፈረንጆችም የዚህ ዘመድ አላቸው። ደራሲው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን የደም መጣጭ ልብ ወለድ «ድራኩላ»ን ተመልከቱ። በአገሩ በትራንሲልቫኒያ ሰው የድራኩላ ስም ሲነሳ ያማትባል። ሰውዬው ታዲያ ለንደን አጠገብ ቤት ገዝቶ፣ እንግሊዝኛውን አጥንቶ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ይሻገራል። ከቤተሰቡ አንዱ «ግባ» ካላለው ደግሞ መጀመሪያ ደጃፍ መርገጥ አይችልም። ከእኛው ጅብ የሚለየው ቁርበት አለመጠየቁ ብቻ ነው። ደም መጣጩም ጅቡም የሚተማመኑት በጥርሳቸው ሳይሆን በባለቤቱ ደግነት ነው ብዬ አምናለሁ። ተረቱን የፈጠረው ሰው እንግዳ ተቀብሎ ጉድ የሆነ አንድ አባወራ ይመስለኛል፤ ማስረጃ አምጣ አትበሉኝ።

የዛሬ ሰው ተረቱን አዲስ በመጣ ሁሉ ላይ ይወረውረዋል። ተከራይ ውሃ ጠፋ ሲል ጅብ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ተጨማሪ ትራስ ሲፈልግም ጅብ ነው። እስቲ ከመጣበት ምን በልቶ መጣ? ተረቱ የተሰፋለት ሌላ ሰው ነው። አንዱ ሰፈር የዕቁብ ብር በልቶ ይሰወራል። ሌላው ሰፈር ሱፍ ለብሶ ብቅ ይልና የዕድር ሊቀመንበር ካልሆንኩ ይላል። ለእሱ ተርቱበት፤ ቢቻል ፊት ለፊት፣ ምርጫው ሳይደረግ።