ዊኪፔዲያ ላይ ለመጻፍ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ምንጭ ግን ያስፈልጋል

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ጀማሪዎችን ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ ለማለማመድ ስንቀመጥ የሚነሡት ሥጋቶች ይመሳሰላሉ። ስለ ኮምፒውተሩ የሚጨነቅ ብዙ ሰው የለም። ስልክ የያዘ ሁሉ የእርሳሷን ምልክት ነክቶ መጻፍ ይችላል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው።

«ይሄ የምሁራን ሥራ ነው»

ተሞክሮ ያልሠራው ይሄ ነው። ከዊኪፔዲያ በፊት ኑፔዲያ የሚባል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነበር። ጽሑፎቹ በባለሙያ እየተገመገሙ ነበር የሚወጡት። እስኪዘጋ ድረስ አልፈው የወጡት ጽሑፎች ሠላሳ እንኳ አልሞሉም። በጥር 1993 ዓ.ም. የተጀመረው ዊኪፔዲያ በሩን ለሁሉም ከፈተ። ዛሬ እንግሊዝኛው ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። የአማርኛው 15,000 አካባቢ ነው። የጎደለን ፕሮፌሰር አይደለም፤ የሚጽፍ ሰው ነው።

«ሳላውቅ ባበላሸውስ?»

አይበላሽም። እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱና ከነጸሐፊው «ታሪክ» የሚለው ውስጥ ይቀመጣል። የቀድሞውን መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። ገጽን ከነጭራሹ የመሰረዝ ሥልጣን ደግሞ ለጀማሪ አይሰጥም፤ የመጋቢዎች፣ ማለትም የዊኪፔዲያው አስተዳዳሪዎች ነው።

«ጀማሪ አዲስ ጽሑፍ ጽፎ ካልወጣ አልሠለጠነም»

ይሄኛው የጀማሪው ሳይሆን የኛ የአሠልጣኞቹ ስሕተት ነው። ሰውየው ስለ ቀበሌው ሦስት መስመር ይጽፋል፣ ምንጭ የለውም፣ ይሰረዝበታል፣ ዳግም አይመለስም። ይልቅ ያለውን እያረመ ይጀምር። የፊደል ግድፈት፣ የጎደለ ምንጭ፣ የተሳሳተ ዓመት።

በተለይ ዓመት! በላይ ዘለቀ በስቅላት የተገደለው በጥር 1937 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1945 ይሆናል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው 1945 ብሎ «ዓ.ም.» ካከለበት አባ ኮስትርን በስምንት ዓመት አዘገየው ማለት ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ይህን ብቻ ይዞ ገጽ በገጽ ዓመት የሚያጣራ ጀማሪ ትልቅ ሥራ ሠራ።

«የኔታ ነግረውኛል፤ ከሳቸው የበለጠ ምንጭ ከየት ይመጣል?»

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚከረው። በጎጃም ደግሞ ይብሳል። የዋሸራ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ዕውቀት በቃል ሲወርድ ነው የኖረው። የኔታ የሚያውቁትን የሚያውቅ መጽሐፍ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ዊኪፔዲያ የሚቀበለው ታትሞ የወጣን ነገር ነው። ምክንያቱ የየኔታ ቃል አይታመንም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የተቀመጠ አንባቢ እሳቸውን ጠይቆ ማጣራት ስለማይችል ነው። ደግሞም አንድ ደብር ያሉ አባት የሚሉትን የሌላው ደብር አባት ሊክዱት ይችላሉ። ማን ይፍረድ? እውነቱን ለመናገር፣ እንደኛ ላለ አገር ይሄ ሕግ ከባድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው ለማለትም ይከብደኛል። ግን ያለ እሱ ማንም የፈለገውን «አባቶች ነገሩኝ» እያለ ይጽፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሳቸውን ቃል ሰብስቦ ያሳተመ ተመራማሪ ካለ መጽሐፉን መጥቀስ ነው። ከሌለ ቃላቸው ቀድሞ በመጽሐፍ ወይም በጥናት መጽሔት ይውጣ። ዊኪፔዲያ ተከታይ እንጂ ቀዳሚ አይሆንም።

«ምንጭ ማለት ሊንክ ማለት ነው»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል፤ «ስለኛ አገር ኢንተርኔት ላይ ምንም የለም» ይላል። የወረቀት መጽሐፍም ምንጭ ነው። በአማርኛ ቢሆንም ምንጭ ነው። ጸሐፊው፣ ርእሱ፣ አሳታሚው፣ የታተመበት ዓመትና ገጹ ከተጻፈ በቂ ነው። ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወይም ስለ ግሽ ዓባይ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ጎግልን ትቶ ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ይሻለዋል።

«አገሬን ባመሰግን ምን ክፋት አለው?»

ክፋት የለውም፤ ቦታው ግን እዚያ አይደለም። «የጀግኖች መፍለቂያ፣ የማርና የወተት አገር» የሚል መግቢያ ያለ ርኅራኄ ይነሣል። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለውና የዓባይ ገባሮች የሚነሡበት መሆኑን ጻፍ። አድናቆቱን ለአንባቢው ተውለት።

«ፎቶው ጎግል ላይ ስላለ የማንም ነው»

የማንም አይደለም፤ ያነሣው ሰው ነው። ጢስ ዓባይ ድረስ ሄደህ ራስህ ያነሣኸውን ጫን። ስትጭን ግን ሌላው ሰው ስምህን ጠቅሶ ለንግድ ጭምር እንዲጠቀምበት እየፈቀድክ መሆኑን ዕወቅ።

«የጻፍኩትን አጠፉት፤ ጠልተውኛል»

አብዛኛውን ጊዜ ምንጭ አልነበረውም፣ ወይም ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነበር። «ውይይት» የሚለው ገጽ ላይ ግባና ጠይቅ፤ መጨረሻ ላይ አራት ጊዜ ~ ስትጽፍ ስምህና ሰዓቱ በራሱ ይሰፍራል። ነባሮቹም ብንሆን ምክንያት ሳንጽፍ ከማጥፋት ብንቆጠብ ጥሩ ነው። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ መጤን አትንከሱ የሚል መመሪያ ያወጣው ችግሩ የኛ ብቻ ስላልሆነ ነው።

«ይከፈላል አይደል?»

አይከፈልም። ጸሐፊዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ባለሆቴል «ስለ ሆቴሌ ጻፍልኝና እከፍልሃለሁ» ቢልህ፣ ማን እንደከፈለህ በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለብህ። በተጠቃሚ ገጽህ፣ በውይይት ገጹ ወይም ለውጡን ስታስቀምጥ በምትጽፈው አጭር ማብራሪያ ላይ ልታሰፍረው ትችላለህ።