ስውር የመስማት ጉዳት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ለዓመታት የሠራ ሰው «ድምፁ ይሰማኛል፤ ወሬው ግን አይለይልኝም» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ቤቱ ሁለት ሆነው ሲያወሩ ችግር የለበትም። ጣና ዳር ሙዚቃ የተከፈተበት ዓሣ ቤት ሲቀመጥ ግን ጨዋታው ያመልጠዋል። «ሰማ» ይባል «ሸማ» አይለይም። ሲመረመር ደግሞ ጆሮው ጤነኛ ነው ይባላል። ቤተሰብም «ልብ ብለህ አትሰማም» ይለዋል። ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል፤ ልብ ማለት ብቻውን የማይፈታው ችግር ሊሆን ይችላላ!

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ከነርቭ ጋር የሚያገናኟቸው ጥቃቅን መገናኛዎች ሲናፕስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሻሮን ኩጃዋ እና ቻርልስ ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ለ2 ሰዓት 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ጫጫታ አሰሟቸው። የአይጦቹ የመስማት ልኬት ከቀናት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሴሎቹም አልሞቱም። ከፍተኛ ቅጥነት ያላቸውን ድምፆች በሚቀበለው ክፍል ግን ግማሽ ያህሉ ሲናፕስ ጠፍቶ ቀረ። ስውር የተባለው ለዚህ ነው።

የተለመደው ምርመራ ጸጥ ባለ ክፍል ቀጭን «ጢጥ» የሚል ድምፅ ማሰማት ነው። ለዚያ ጥቂት ጤነኛ ነርቮች ይበቃሉ። ቃልን ከጫጫታ መለየት ግን ብዙ ነርቭ ይፈልጋል። በሰው ላይ የጉዳቱ መጠን ገና እየተጠና ነው።

ጫጫታው በዝቶ ወይም ረዝሞ ሲቀጥል ፀጉር መሰል ሴሎቹም ይሞታሉ። የሰው ሴል ደግሞ አንዴ ከሞተ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90ን ግን እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። መለኪያ ከሌላችሁ፣ አጠገባችሁ ላለ ሰው መጮህ ካስፈለጋችሁ ጫጫታው በዝቷል። ከሥራ ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው ካለ ደግሞ የጆሮ መሰኪያ ሳታደርጉ ወደ ሥራው አትመለሱ።

ስትመረመሩ «ጆሮዬ አይሰማም» ብቻ አትበሉ። «ሰው በበዛበት ንግግር አይለይልኝም» በሉ። ንግግርን ከጫጫታ ቀላቅሎ የሚያሰማ ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ።